ጉድጓዱ ሌላ፣ ጥቁሩ ሌላ፦ ለብጉር ጠባሳ ቢላና መርፌ የሌለባቸው ሕክምናዎች

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ቁሙና የክፍሉን መብራት አጥፉ። መስታወት ይዛችሁ ብርሃኑ ጉንጫችሁን ከጎን እንዲመታው ፊታችሁን ግማሽ ያህል አዙሩ። ጥላ የሚጥለው ነገር ጉድጓድ ነው። ጥላ ሳይጥል ጠቁሮ ወይም ቀልቶ የሚታየው ደግሞ ቀለም ብቻ ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በታጠበ ጣት ጫፍ ቦታውን ዳስሱት። ጣት ቀለም አይለይም፣ የጎደጎደውን ግን አይስተውም።

ይህን ሳያደርግ ለክሬም ወይም ለሌዘር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው በአብዛኛው ለአንዱ ችግር የሌላውን መድኃኒት ይገዛል። ጥቁሩ ብጉሩ ባበጠ ጊዜ የቆዳው ቀለም አምራች ሕዋሳት ተቆጥተው ያፈሰሱት ሜላኒን ነው። ካልነካካችሁትና ፀሐይ ካልመታው በ6 ወርም በዓመትም፣ አንዳንዴ ከዚያም ቆይቶ፣ በራሱ ይለቃል። ጉድጓዱ ግን በራሱ አይሞላም። ከብጉሩ ሥር የነበረው ቁጣ ኮላጅን (ቆዳን ደግፎ የሚይዘውን ፕሮቲን) የሚበሉ ኢንዛይሞችን ለቆ፣ ጥገናው ሲመጣ ከተበላው ያነሰ ስለተተካ ጎድሎ የቀረ ቦታ ነው። ሐኪሞች አትሮፊክ ጠባሳ የሚሉት ይህንን ነው።

ጉድጓዱም አንድ ዓይነት አይደለም። ክሊኒክ ስትሄዱ አይስ ፒክ፣ ቦክስካር፣ ሮሊንግ ሲባል ትሰማላችሁ። የመጀመሪያው በስፌት ወስፌ የተወጋ ይመስላል፦ አፉ ከ2 ሚሊ ሜትር ይጠብባል፣ ወደ ታች ግን ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛው ማኅተም የተጫነበት ይመስል ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠና ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ስፋቱም ከ1.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሦስተኛው ጠርዝ የለውም። ቆዳው ነፋስ እንደነካው የጣና ውኃ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ምክንያቱም ከሥር የተፈጠሩ የጠባሳ ክሮች ቆዳውን ወደ ታች ጎትተው ይዘውታል። ብዙ ሰው ሦስቱንም በአንድ ጉንጭ ላይ ይሸከማል፤ ወስፌው ከሁሉ ይበዛል።

አሁን በሁለት ጣት ጉንጩን በቀስታ ወደ ጎን ወጥሩት። ሲወጠር የሚጠፋ ጉድጓድ ቆዳውን ከላይ ለሚያነቃቁ ሕክምናዎች የተሻለ መልስ ይሰጣል። ተወጥሮም የሚቀር፣ በተለይ ወስፌው፣ በክሬም አይነቃነቅም። ሌላው መለኪያ ርቀት ነው፦ አንድ ሰው በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቆሞ፣ ማለትም ማዕድ ላይ አጠገባችሁ ተቀምጦ፣ ካላየው ሐኪሙ ቀላል ብሎ ይመዘግበዋል። በቀላል ጠባሳ ላይ ከባድ ማሽን ማዞር ከትርፉ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ብጉሩ ካልቆመ

ይህን ባጭሩ ልለፈው፣ ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም። አዲስ ብጉር እየወጣ የድሮውን ጉድጓድ ማከም ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ወለል መወልወል ነው። ብጉሩ ትልቅ፣ ጠንካራና የሚያም ከሆነ የክሬም ነገር አይደለም። ሐኪሙ የሚዋጡትን ዶክሲሳይክሊን ወይም አይሶትሬቲኖይን ሊያስብ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ውኃ ሳያበዙበት ውጦ መተኛት ደግሞ ጉሮሮን ያቆስላል፤ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ውጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀና ብላችሁ ቆዩ። አይሶትሬቲኖይን ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም፣ ልትፀንስ የምትችልም ያለ አስተማማኝ መከላከያ አትጀምረውም። ፀጉር ቅቤ የምትቀቡ ደግሞ ግንባራችሁ ጠርዝ ላይ ብጉር ከተሰለፈ ቅቤውን ጠርጥሩት፦ ከፀጉር መስመሩ ሁለት ጣት ወደ ኋላ አድርጋችሁ ተቀቡ፣ በሻሽ ሸፍናችሁ ተኙ፣ ጠዋት ግንባሩን ታጠቡ።

መጭመቅ? በጥፍር ግፊት መግሉ ወደ ውጭ የሚወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ይፈነዳል። ጉድጓድ የሚሠራው የውስጡ ነው።

የባሕር ዳር ፀሐይ

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እዚህ ያለ ሰው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሰው በ20 በመቶ ገደማ የበለጠ ይቀበላል። በዚያ ላይ ከተማችን ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ፣ ከዚያም ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች። የነሐሴው ደመና ያታልላል፤ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ስለ ሐይቁ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ጀልባ ላይ የሚጠቁረው ሰው ውኃው አንጸባርቆበት ይመስለዋል። ውኃ የሚያንጸባርቀው ጨረር ግን ከ10 በመቶ በታች ነው። የሚጎዳው ሰማዩ ክፍት መሆኑና ጥላ አለመኖሩ ነው። ወደ ዘጌ ስትሻገሩ ጣሪያ ያለው ጀልባ ምረጡ፣ ባርኔጣም አትርሱ። የከተማው ብስክሌተኛም ከዚህ አይለይም፦ ዘንባባዎቹ ቁመት እንጂ ብዙ ጥላ የላቸውም። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ከጎን ትገባለችና ሁልጊዜ በአንድ ወገን የምትቀመጡ ከሆነ ያኛው ጉንጭ ቀድሞ ይጠቁራል።

ይህን ሁሉ የማወራው ፀሐይ ጉድጓዱን ስለምታጠልቅ አይደለም። ጥቁሩን ስለምታቆየው ነው። ጠቁሮ የቀረ ጉድጓድ ደግሞ ከእውነተኛ ጥልቀቱ ይልቅ ጠልቆ ይታያል። ከታች የምዘረዝራቸው ሕክምናዎች ሁሉ ቆዳውን ትንሽ ያስቆጣሉ፤ የተቆጣ ጠይም ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል። ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የማይቀባ ሰው ሌላውን ባይጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ።

መጠኑ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ለፊትና ለአንገት በጠቋሚና በመሃል ጣት ርዝመት ሙሉ ሁለት መስመር ያስፈልጋል። የሽምብራ ፍሬ ያህል ቀብቶ "ኤስፒኤፍ 50 ተቀብቻለሁ" የሚል ሰው በተግባር የዚያን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ነው ያገኘው። ኤስፒኤፉ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዩቪኤ የሚባለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነትም ይከላከላል የሚል ምረጡ። ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ተቀቡ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት። በጣም ከባዱ ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ነው፤ ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር እንደማለት። ዣንጥላ በዚህ ሰዓት የሴት ዕቃ ብቻ አይደለም።

በእኛ ቆዳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጥቁሩን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። ቀለም አልባው ሰንስክሪን ይህን አያግድም። የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቡናማ ቀለም የተጨመረበት ዓይነት ነው። ገበያ ላይ ያለው ቀለም ብዙ ጊዜ ለነጭ ፊት የተቀመመ ስለሆነ እኛን አመድ የነፋብን ያስመስለናል። መላው፣ ተራውን ሰንስክሪን በሙሉ መጠን ቀብቶ፣ ሲደርቅ ከቆዳችሁ ጋር የሚሄድ ፋውንዴሽን ከላይ መደረብ ነው። ፋውንዴሽኑን ቡናማ የሚያደርገው ያው የብረት ኦክሳይድ ነው። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣና ጥላ ጥላውን መሄድ ከምንም በላይ ይረዳል። ነጠላ በስሱ የተሸመነ ስለሆነ አንድ ድርብ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ አጥፋችሁ ልበሱት።

ሬቲኖይድ፣ ማታ ማታ

ከክሬሞች ሁሉ ጉድጓድ ላይ የተወሰነ ለውጥ እንደሚያመጣ የታየው የሬቲኖይድ ቤተሰብ ነው፦ አዳፓሊን 0.1 እና 0.3 በመቶ፣ ትሬቲኖይን ከ0.025 እስከ 0.1 በመቶ። ኮላጅን የሚበሉትን ኢንዛይሞች ያበርዳሉ፣ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራም ይቀሰቅሳሉ። አዳፓሊን 0.3 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው የብጉር መድኃኒት 2.5 በመቶ ጋር የተቀላቀለበት ጄል በፊት አንድ ወገን ብቻ እየተቀባ ለ24 ሳምንት በተሞከረ ጊዜ፣ በተቀባው ወገን የጠባሳው ቁጥር 15 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ጄል የተቀባው ወገን ላይ ደግሞ 14 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሁለቱንም ቁጥር አንድ ላይ አንብቡት። 15 በመቶ ተአምር አይደለም፤ መስታወት ፊት ቆሞ ላየው ትንሽ ነው። ነገር ግን ባይቀባ ኖሮ የሚጨመረው ጉድጓድም አለ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። አዳፓሊን 0.1 በመቶ ካገኛችሁ በእሱ ጀምሩ፣ ከትሬቲኖይን ይልቅ ቆዳን ይታገሣል። ማታ ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ፤ የልብስ ሳሙና አይሆንም። በፎጣ ሳትፈትጉ አድርቁና 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ እርጥብ ቆዳ መድኃኒቱን በብዛት ስለሚስብ ያቃጥላል። የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ለመላው ፊት ትበቃለች፦ ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ አዳርሱት። ጉድጓዱ ላይ ብቻ እየመረጡ መጠቅጠቅ ጥቅም የለውም፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ ነው የሚሠራው። የዓይን ማዕዘን፣ የአፍንጫ ክንፍና የከንፈር ዳር ላይ አስቀድማችሁ ቫዝሊን በስሱ ቀቡ፣ መድኃኒቱ እየፈሰሰ እዚያ ይጠራቀማልና።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሦስተኛው ሌሊት። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አንድ ሌሊት እየዘለላችሁ። ከዚያ ቆዳው ከፈቀደ በየሌሊቱ። ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻ ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም መቀባት ይቻላል፣ ቁጣውን በጣም ይቀንሰዋል። ግሊሰሪን ከፋርማሲ ገዝታችሁ እንዳለ አትቀቡት፤ ያጣብቃል፣ በበጋው ደረቅ አየርም ቆዳውን መልሶ ሊያደርቀው ይችላል። አንድ እጅ ግሊሰሪን ከአራት እጅ ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውኃ ጋር ለዕለቱ ያህል ብቻ ቀላቅሉ።

የሚበላሸው የት ነው? በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ቆዳው ይላጣል፣ ይቆጠቁጣል፣ ብጉርም የባሰ ሊመስል ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ "እየሠራ ነው" ብሎ መጠኑን እጥፍ ያደርጋል፤ ይኼኛው ይብሳል። በጠይም ቆዳ ላይ ቃጠሎው ራሱ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ለጠባሳ የተቀባ ክሬም ጠባሳ የሚመስል ነገር አተረፈ ማለት ነው። ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሌሊት አቁሙ፣ ማለስለሻ ብቻ ተቀቡ፣ ከዚያ ወደ ቀድሞው ደረጃ ወርዳችሁ ጀምሩ። ቅንድብ በክር የምታስነሱ፣ ፊት በሰም የምታስላጩ ሬቲኖይዱን ከሳምንት በፊት አቁሙት፤ ሰም በሬቲኖይድ የሳሳ ቆዳን ይዞ ይነሳል።

ትሬቲኖይን ብርሃን ያበላሸዋል። ማታ እንጂ ቀን አይቀባም፣ ቱቦውም መስኮት ላይ አይቀመጥም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሣጥን አናት ላይ ከማስቀመጥ ታችኛው መሳቢያ ይሻላል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከትሬቲኖይን ጋር በአንድ ጊዜ ከተቀባ ያፈርሰዋል፤ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ አድርጉ። አዳፓሊን ግን ይችለዋል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የነካው ጨርቅ ቀለሙን እንደሚለቅም ዕወቁ፦ የትራስ ልብሱ ነጭ ይሁን፣ የነጠላ ጥለትም ፊት ላይ አይረፍ።

እርጉዝ የሆነች፣ ለመፀነስም ያሰበች ሬቲኖይድ አትቀባ። ለእሷ አዜላይክ አሲድ አለ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ በቀን ሁለቴ። ጉድጓድ አይሞላም፣ ብጉርንና ጥቁሩን ግን ይዋጋል። ጉድጓዱ እስክትወልድ ይጠብቃል፤ የትም አይሄድም።

ብጉሩ ላይ ለውጥ ለማየት 12 ሳምንት፣ ጉድጓዱ ላይ ቢያንስ 24 ሳምንት ያስፈልጋል። በየወሩ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስኮት፣ ብርሃኑ ከጎን እየመታችሁ ፎቶ አንሱ። የስልኩን ማሳመሪያ አጥፉት፣ ያለዚያ የምታወዳድሩት ስልኩን ነው።

"ነጭ የሚያደርጉ" ቱቦዎች

ኮስሞቲክስ ቤት መደርደሪያ ላይ ካሉት ማንጫዎች ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ። ቱቦውን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖሎን የሚል ካያችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱ ያበራል፣ ብጉሩም ይተኛል፣ ስለዚህ ሰው ይወደዋል። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ ሥሮች ይወጣሉ። ሲያቆሙት ደግሞ ብጉሩ በእጥፍ ይመለሳል። ቀድሞውኑ ኮላጅን ለጎደለው ጠባሳ ኮላጅን የሚያሳሳ መድኃኒት መቀባት ምን ይባላል? ለፈንገስም ለብጉርም ለማሳከክም ተብሎ የሚሸጠው ሦስት በአንድ ክሬምም ከዚሁ ወገን ነው። ሃይድሮኪኖን 4 በመቶ በሐኪም ትእዛዝ ለሦስት ወይም አራት ወር ለጥቁሩ ይሠራል። ለዓመታት የተቀባ እንደሆነ ግን ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ የማይለቅ ምልክት ያመጣል።

ከወጥ ቤት ወደ ፊት የሚሄዱትን ብዙም አልከራከርም፤ ማር አይጎዳም፣ እርድ ያቆሽሻል፣ ሁለቱም ጉድጓድ አይሞሉም። ሎሚን ግን አልተውም። የእኛ ትንሿ አረንጓዴ ሎሚ በልጣጯም በጭማቂዋም ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አላት። ጠዋት ሎሚ ያሸ ሰው ቀትር ላይ መንገድ ከወጣ፣ በማግሥቱ ቀልቶ ወይም ውኃ ቋጥሮ፣ ከዚያ ለወራት የሚቆይ ጥቁር መስመር ይዞ ሊቀር ይችላል። ጭማቂው በፈሰሰበት ቅርጽ ነው የሚጠቁረው።

አሲድና ማሽን

ፒሊንግ የሚባለው ላዩን ቆዳ በተለካ አሲድ ማንሳት ነው። ለጠይም ቆዳ ሳሊሲሊክ አሲድ ከ20 እስከ 30 በመቶ ከሌሎቹ ይልቅ ይመቻል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፊት ላይ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ አሲዱ ደርቆ የቀረ ክሪስታል እንጂ ቃጠሎ አይደለም። ግላይኮሊክ አሲድ ግን በሰዓቱ ካልተገታ ወደ ውስጥ መሄዱን አያቆምም። ባለሙያው ሰዓት ይዞ፣ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውኃ አጠገቡ አዘጋጅቶ ካልቆመ ወንበሩ ላይ አትቀመጡ። በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይደገማል። ሬቲኖይዱን ከፒሊንጉ በፊት ከ3 እስከ 7 ቀን አቁሙ። ከጆሮ ኋላ ወይም መንጋጋ ሥር አስቀድሞ ይሞከር፣ ሁለት ሳምንትም ይጠበቅ። ከዚህ ሁሉ የምታገኙት ቀለሙ ይቀላል፣ ላይ ላይ ያለ ጉድጓድ ጠርዙ ይለሰልሳል። ከዚያ አያልፍም። ስሙ እንጂ የአሲዱ መጠን ያልተጻፈበት "ፒሊንግ" ዘይት ግን ነጋዴው ምንም ቢምልላችሁ አትንኩት።

ወስፌው ጉድጓድ ለዚህ ሁሉ ጆሮ አይሰጥም። ለእሱ የሚደረገው ከ70 እስከ 100 በመቶ የሆነ ትሪክሎሮአሴቲክ አሲድ በስንጥር ጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ማስነካት ነው። ቢላ ባይነካውም ማቁሰል ስለሆነ ለስላሳ ከምንላቸው ውስጥ አልቆጥረውም። ጠርዙን ከነካ ጉድጓዱ ይሰፋል። አሲዱን አዝዞ ቤት ውስጥ በራስ እጅ መሞከር እንግዲህ ምን እንደሚሆን ገምቱት። ከፍ ዝቅ የሚለው ሮሊንግም እንዲሁ ነው፦ ከሥር የያዘው ክር በመርፌ ካልተቆረጠ ላዩን ማሸት ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ሐኪም "ይኼ ያለ መርፌ አይሆንም" ቢላችሁ ሊሸጥላችሁ ነው ብላችሁ አትነሱ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ከሌዘሮች ውስጥ የላይኛውን ቆዳ ሳይከፍቱ ከሥር የሚያሞቁት ናቸው የእኛ ርእስ። ፍራክሽናል ኖን አብሌቲቭ የሚባለው፣ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 1,540 ወይም 1,550 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ጨረሩን በጥቃቅን ዓምዶች ከፋፍሎ ያስገባል። በዓምዶቹ መካከል ያልተነካ ቆዳ ስለሚቀር ቶሎ ይድናል። ሌላው 1,064 ናኖ ሜትሩ ኤንዲ ያግ ሲሆን ከሜላኒን ጋር ብዙም ስለማይጋጭ ለጠይም ቆዳ ይመረጣል። ከ3 እስከ 6 ጊዜ፣ በ4 ወይም በ6 ሳምንት ልዩነት ይደረጋል። ፊቱ ለጥቂት ቀናት ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ሆኖ ይረግፋል። ኮላጅኑ የሚሠራው ቀስ ብሎ ስለሆነ ውጤቱ ከመጨረሻው ጊዜ በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ይመዘናል። ጉድጓዱ ይቀላል እንጂ አይጠፋም።

ቆዳን የሚከፍተው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር፣ 10,600 ናኖ ሜትሩ፣ በጉድጓድ ላይ ይበረታል። ግን በጠይም ቆዳ ላይ ማጥቆሩም ይበረታል። አይፒኤል የሚሉት ብልጭታ ደግሞ ሜላኒንን ራሱን ስለሚፈልግ በጥቁር ቆዳ ላይ ያቃጥላል፤ ርካሽ ነው ተብሎ አይሞከር። ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ በኤሌክትሪክ ስለሚያሞቅ የቆዳ ቀለም አይለይም። ላዩን የሚሄደው ለስላሳ ነው፣ ውጤቱም እንዲሁ። መርፌ ያለበት የተሻለ ይሠራል፤ እሱ ግን መርፌ ነው።

ማሽኑ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። የሞገድ ርዝመቱ ስንት ናኖ ሜትር ነው? በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ የሠራችሁት ከስድስት ወር በኋላ ምን መሰለ? የሚይዘው ሐኪም ነው ወይስ ረዳት? ትንሽ ቦታ ላይ ሞክራችሁ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትጠብቃላችሁ? መጥቆር የሚመጣው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ "ዛሬ ሞክረን ዛሬ እንጨርስ" ሙከራ አይደለም። ለጠይም ፊት ትክክለኛው አሠራር የጨረሩን ዓምዶች ማሳሳትና የጊዜውን ቁጥር መጨመር ነው። በአንድ ቀን እንገላግልሽ የሚል ካጋጠመ ቦርሳችሁን አንሱ። ዓይን መሸፈኛ ካልቀረበም እንደዚያው። ጆሮአችሁ ወይም ደረታችሁ ላይ አብጦ የቀረ ጠባሳ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

የመነሻ መንገዱ ቅርብ ነው፦ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ከበድ ካለም አዲስ አበባ፣ የቆዳ ሕክምና ስሙ ከድሮ የሚነሳው አለርት አለ። ካርድ ለማውጣት መሰለፍ ይሰለቻል፣ ግን ጠባሳው የትኛው ዓይነት እንደሆነ በትክክል ማወቁ አንድ አላስፈላጊ የሌዘር ክፍያ ያድናል።

ማይክሮደርማብሬዥን ቆዳ ያለሰልሳል፣ ጉድጓድ ግን አይነካም። የሲሊኮን ልጣፍ ላበጠ ጠባሳ እንጂ ለጎደለ አይሆንም። ቪታሚን ኢ እና የሽንኩርት ጄል ኪስ ያቀልላሉ። የቤት ደርማሮለር 0.25 ሚሊ ሜትሩ ኮላጅን ያለበት ቦታ አይደርስም፤ የሚደርሰው 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ደም ስለሚያወጣ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም። ሮለር ከጓደኛ መዋስ ምላጭ ከመዋስ አይለይም፣ ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በዚያ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ብዙ ሰው ይህን የሚያነበው ሠርግ ሲቃረብ ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሬቲኖይዱ ቢዘገይ በሰኔ ይጀመር። ሌዘር ከታሰበ የመጀመሪያው ነሐሴ ላይ፣ የመጨረሻው ከኅዳር አጋማሽ ሳያልፍ፣ ምክንያቱም የጠቆረ እንደሆነ ለመልቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ፒሊንግ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይቁም። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ያመጣችው ክሬምም ቢሆን፣ ምንም አዲስ ነገር ፊት ላይ አይውጣ። ከሠርጉ በፊት ባሉት አራት ሌሊቶች ሬቲኖይዱንም ተዉት፤ በሚላጥ ቆዳ ላይ የተቀባ ሜካፕ በካሜራ ቅርፊት ሆኖ ይታያል። ቪዲዮ አንሺውንም መብራቱን ከጎን ሳይሆን ከፊት ለፊት፣ ከዓይን ከፍታ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲያቆመው ንገሩት።